በሞሮዊንድ መሣሪያዬ ጠላትን እየነካ የማይጎዳው ለምንድን ነው?

አዲስ ገቢ
ሰላም ለሁላችሁም። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣውን ሞሮዊንድ በቤቴ ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኜ መጫወት ጀምሬአለሁ። ከኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጨዋታዎች ከዚህ በፊት የማውቀው ስካይሪምን ብቻ ስለሆነ ውጊያው ግራ አጋብቶኛል። የገጸ ባሕርዬ ዘር ሬድጋርድ ሲሆን፣ ከተዘጋጁት የሙያ ምድቦች ተዋጊ የሚለውን መርጫለሁ። ከሴይዳ ኒን መንደር ወጣ ብዬ አንድ ሸርጣን ስገጥም፣ በመነሻው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያገኘሁት ጩቤ ዓይኔ እያየ ሰውነቱ ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ ሸርጣኑ ግን ምንም አይሆንም። ችግሩ የኮምፒውተሬ መድከም ነው ወይስ የጨዋታው?

የባልሞራ ነዋሪ
ኮምፒውተርዎም ሆነ ጨዋታው ምንም አልሆኑም። በስካይሪም ስለቱ የጠላትን አካል ከነካ ምቱ ተቆጥሯል ማለት ነው፤ ክህሎት የሚጨምረው የጉዳቱን መጠን ነው። በሞሮዊንድ ግን በእያንዳንዱ ምት ጨዋታው ከመጋረጃ በስተጀርባ ዕጣ ይጥላል፣ በስክሪኑ ላይ የሚያዩት የመሣሪያ እንቅስቃሴም ዕጣው እንደወጣ ወይም እንዳልወጣ አያሳይም።

ምቱ የማግኘት ዕድሉ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የመሣሪያው ክህሎት፣ እንዲሁም ቅልጥፍናና ዕድል ከተባሉት የገጸ ባሕርይ መለኪያዎች የመጀመሪያው አንድ አምስተኛና የሁለተኛው አንድ አሥረኛ ይደመራሉ፤ ድምሩ ጉልበትዎ ሙሉ ሲሆን በ1.25፣ ሙሉ በሙሉ ሲሟጠጥ ደግሞ በ0.75 ይባዛል፤ ከዚያም የጠላት የማምለጥ ችሎታ ይቀነሳል። ተዋጊ ሬድጋርድ በረጅም ሰይፍ ክህሎት የሚጀምረው ከ50 ነው። ጩቤ ግን የሚመደበው በአጭር ስለት ሥር ነው፣ በዚያ ያለዎት ክህሎት ደግሞ 10 ብቻ ነው። የቅልጥፍናና የዕድል መለኪያዎችዎ ሁለቱም 40 ስለሆኑ፣ ጉልበትዎ ሞልቶ በረጅም ሰይፍ ቢመቱ የሸርጣኑ ማምለጥ ሳይቀነስ ምትዎ የማግኘት ዕድሉ 77.5 በመቶ ይሆናል። አሁን በያዙት ጩቤ፣ ሮጠው ጉልበትዎ ሙሉ በሙሉ ተሟጥጦ ከሆነ፣ 16.5 በመቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ ከነጋዴ በረጅም ሰይፍ ምድብ ያለ መሣሪያ ይግዙ፤ የመዳፊቱን ቀስት በመሣሪያው ላይ ሲያሳርፉ ምድቡ ተጽፎ ይታያል። ሁለተኛውና አብዛኛው ጀማሪ የሚዘነጋው አረንጓዴው የጉልበት መለኪያ ነው። መሮጥና መዝለል ስለሚያሟጥጡት፣ ጠላት ከሩቅ ሲታይ ሩጫውን ትተው በእርምጃ ይቅረቡት። ድካም የሚጎዳው ሰይፉን ብቻ አይደለም፤ አስማት ሲደግሙ የመክሸፍ ዕድሉን ያሳድጋል፣ እንዲያውም ከነጋዴ ጋር ሲከራከሩ ዋጋው ይጎዳዎታል። (ደክሞት ቁና ቁና የሚተነፍስ ገዢ ቅናሽ አይደረግለትም መሰለኝ።)

ሰሜናዊው
በማብራሪያው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ከሥራ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ለመዝናናት የሚቀመጥ ሰው ይህን ሁሉ ስሌት የመሸከም ግዴታ የለበትም። የነካ ምት ሁሉ እንዲቆጠር የሚያደርጉ፣ በተጫዋቾች የተሠሩ ሞዶች (ጨዋታውን የሚቀይሩ ተጨማሪ ፋይሎች) አሉ። አንዱን ጭነው በሰላም ይጫወቱ።

የባልሞራ ነዋሪ
ክልከላ የለም፤ ሆኖም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጫወት ሰው አልመክረውም። የመሣሪያዎቹ ጉዳት የተመዘነው ብዙ ምት እንደሚስት ታስቦ ስለሆነ፣ መሳቱ ሲቀር የመጀመሪያዎቹ ውጊያዎች እጅግ ይቀላሉ። ከዚህም በላይ ለአሠልጣኝ ገንዘብ ከፍሎ ክህሎት የማሳደግ ትርጉሙ ይደበዝዛል፤ ትናንት የሳተው እጅ ዛሬ ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ የዚህ ጨዋታ ዋና ጣዕም ነው ብዬ አምናለሁ። ክህሎቱ የሚያድገው በሚያገኝ ምት ብቻ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በማያውቁት መሣሪያ መታገል በመማርም ረገድ ወደ ኋላ ያስቀራል።

ሌሊት ተጫዋች
ኮምፒውተሩ አሮጌ መሆኑ ካሳሰበዎት፣ ኦፕንኤምደብሊው የተባለውን ነፃ ሞተር (ጨዋታውን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ይሞክሩ። የጨዋታው የራሱ ፋይሎች ሊኖሩዎት ይገባል እንጂ በዊንዶውስም ሆነ በሊኑክስ ይሠራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ደግሞ ከውጊያ በፊት ሁልጊዜ ኤፍ 5ን ተጭነው ያስቀምጡ፤ ጨዋታው ብዙ ጊዜ በራሱ አያስቀምጥልዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ቀድሞ አባቶች መቃብር ገብተው መንፈስ ሲገጥምዎት፣ ተራ የብረት ሰይፍ ምንም ያህል ክህሎት ቢኖርዎት አይጎዳውም። ይህ ከመሳት የተለየ ነው፤ መሣሪያዎ ውጤት እንደሌለው የሚገልጽ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይወጣል። ለዚያ የብር ሰይፍ፣ አስማት ያረፈበት መሣሪያ ወይም የጥቃት ድግምት ያስፈልጋል፤ አንዱም ከሌለዎት በመጡበት በር ይውጡ።