ታይኮ (የጃፓን ከበሮ) ኮንሰርት ላይ ፊት መቀመጥ ይሻላል ኋላ? ልጅስ ይወሰዳል?

ሀና_ጃፓን፦ ሰላም ናችሁ፣ እዚህ ጃፓን ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው እስካሁን ግን ታይኮ በዩቲዩብ እንጂ በአካል አይቼ አላውቅም። ኮዶ የሚባሉት የታይኮ ቡድን እኛ ከተማ ሊመጡ ነው ሲባል ትኬት ልቆርጥ ገብቼ ወንበር ምረጪ ሲለኝ ግራ ገባኝ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ክፍት አለ፣ ሰገነቱም ላይ አለ። ከቅርብ ድምፁ አይከብድም? የአምስት ዓመት ልጄ ደግሞ ካልወሰድሽኝ ብላ ይዛኛለች፣ ከበሮ ብቻ እስከ መጨረሻው ትችለዋለች ብላችሁ ነው? የሄዳችሁ ካላችሁ ንገሩኝ እስቲ

የሁለት_ልጆች_እናት፦ እህቴ መጀመሪያ የልጅቷን ነገር አጣሪ። እዚህ ብዙ አዳራሽ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ አያስገባም፣ ትኬቱ ገጽ ላይ ይጻፋል፣ ሳታነቢ ከፍለሽ በር ላይ እንዳትመለሺ። ከተፈቀደ ያንን እንደ ሄድፎን የሚደፋ የልጆች የጆሮ መከላከያ ግዢላትና የዳር ወንበር ያዢ፣ ካለቀሰች ቶሎ ይዘሻት ትወጫለሽ። ትልቁ ከበሮ ኦዳይኮ ሲመታ በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፣ ወንበሩም ደረትሽም አብሮ ነው የሚርደው

ባቺ_ወዳጅ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ መሀል፣ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ። ሺሜ የሚባሉት የትንንሾቹ ከበሮዎች ድምፅ ከትልልቆቹ ጋር ሳይደበላለቅ ይደርስሻል፣ ደግሞ ታይኮ ግማሹ የሚታይ ነገር ነው፣ ሁሉም እጃቸውን እኩል ሲያነሱ ከላይ ሆነሽ ካላየሽው ያመልጥሻል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ አንዴ ፊት ተቀምጬ አይቻለሁ እስከዛሬ አልረሳውም። ኦዳይኮውን የሚመታው ሰውዬ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነው የሚቆመው፣ ባቺ የሚሉት ዱላ ወፍራም ነው፣ በመታ ቁጥር የጀርባው ጡንቻ አንድ በአንድ ሲነሳ ይታያል፣ ላቡ በአከርካሪው ይወርዳል፣ ፊቱን ሳላየው ድካሙ ገባኝ።

ብዙ ሰው ደግሞ ይሄ በቡድን መምታት የጥንት ይመስለዋል። ከበሮው ነው የጥንቱ፣ ለቤተ መቅደስና ለበዓል ሲመታ የኖረ። የተለያየ መጠን ያላቸውን አሰባስቦ እንደ ባንድ መድረክ ላይ ማውጣት የመጣው በፈረንጆቹ 1951 ናጋኖ ውስጥ ነው፣ ዳይሃቺ ኦጉቺ የሚባል ጃዝ ከበሮ መቺ ነው የጀመረው። ኮዶዎች ራሳቸው በ1981 ሳዶ ደሴት ላይ ነው የተመሰረቱት፣ አዲስ አባል ከመሆኑ በፊት ሁለት ዓመት እዛው አብሮ እየኖረ ይሰለጥናል። ስማቸው የልብ ምት ማለት ነው፣ የከበሮ ልጆች ተብሎም ይነበባል

ኒጋታ_ነዋሪ፦ ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ እኔ የምጨምረው ዝምታውን ጠብቂ ነው። ከዛ ሁሉ ነጎድጓድ በኋላ ድንገት ቀጥ ይላሉ፣ እጃቸው አየር ላይ ቀርቶ ሳል እንኳን አይሰማም፣ እዛች ጋ ቸኩለሽ እንዳታጨበጭቢ፣ ያ ዝምታ የሙዚቃው አካል ነው። ልጅቷን ደግሞ ከአሁኑ አለማምጃት። ታይኮ መጀመሪያ በአፍ ነው የሚጠናው፣ ዶን ትልቁ ምት፣ ዶኮ ሁለት ፈጠን ያሉ፣ ካ ደግሞ የከበሮው ጠርዝ እንጨቱ ሲመታ ነው። ይሄን ካወቀች ምን እንደምትሰማ ታውቃለች አትፈራም። አዳራሹ ካላስገባት ነሐሴ አካባቢ ኮዶዎች ሳዶ ላይ ከ1988 ጀምሮ የሚያዘጋጁት ፌስቲቫል አለ፣ ከኒጋታ በትልቁ መርከብ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል

ሀና_ጃፓን፦ ሄድን!! ከአምስት ዓመት ጀምሮ ይገባል ይላል፣ መሀል ላይ የዳር ወንበር ያዝን። መጀመሪያ ላይ ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛኝ ነበር፣ ኦዳይኮው ሲጀምር ግን የሰጧትን የፕሮግራም ወረቀት በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችና በየምቱ ሲንቀጠቀጥ እያየች ቀረች፣ እኔም መድረኩን ትቼ ወረቀቱን ሳይ ነበር። ዝምታው ጋ ደግሞ እሷ ናት እጄን የያዘችኝ እንዳላጨበጭብ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ በጣም። ባቡር ውስጥ ዶን ዶኮ ዶን ስትል መጣች፣ ካ ሲደርስ የወንበሩን ጠርዝ በጣቷ ቀስ አድርጋ ትነካለች