ሦስት ፋንክሽን፣ አንድ ሥራ፦ የቱን ላስቀር?

ሀሁ
ሰላም ለሁላችሁ። የአማርኛ ጽሑፍ በሚያጸዳ ክፍት ምንጭ የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ሞክሼ ሆሄያትን ወደ አንድ የሚያመጡ ሦስት ፋንክሽኖች አሉ። ስማቸው ይለያያል፣ ሥራቸው ያው ይመስላል፣ ማብራሪያ የሚባል ነገር የላቸውም። ሁለቱን መሰረዝ ይሻላል ወይስ ባሉበት መተው? የሚጠቀሙባቸው ሰዎች ኮድ እንዳይሰበር እፈልጋለሁ።

ኮድ ለቃሚ
መጀመሪያ ሥራቸው በእርግጥ አንድ መሆኑን አረጋግጥ። ኮዱን በዓይን ማየት አይበቃም። መሠረታዊው የኢትዮጵያ ፊደል ብሎክ በዩኒኮድ 384 ቦታ አለው፤ እያንዳንዱን ለሦስቱም ስጥና ውጤቱን አወዳድር። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ዳር ዳር ላይ ነው የሚገኘው፦ አንዱ ሐንና ኀን ወደ ሀ አምጥቶ ኸን ይተዋታል፤ ሌላው ሃንም ሳይቀር ሀ ያደርጋታል። ከዚያ ጥንድ ጥንዱን ሞክር፤ «ሉዋ»ን «ሏ» የሚያደርግ መስመር ካለ በነጠላ ሆሄ ፈጽሞ አይታይም። 147,456 ጥንድ ነው፣ ለማሽን ምንም አይደለም።

ለምን እንደተጻፉ ለማወቅ ጊት ሎግን (የኮዱን የለውጥ ታሪክ የሚያሳየውን ትእዛዝ) በትልቁ «ኤስ» አማራጭ የፋንክሽኑን ስም ሰጥተህ አስኪደው፤ ስሙ የገባበትንና የወጣበትን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ለይቶ ያወጣልሃል። ብሌም የሚባለው ሌላው የጊት ትእዛዝ የሚያሳይህ መስመሩን መጨረሻ የነካውን ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፎርማተር (የኮዱን አቀማመጥ ብቻ የሚያስተካክል ፕሮግራም) ነው።

የፓይተን ሰው
ውጤታቸው አንድ ከሆነ አንዱን ስም ምረጥ፣ ሌሎቹን ወደ እሱ የሚያሻግሩ ባለ ሁለት መስመር ፋንክሽኖች አድርጋቸውና ማስጠንቀቂያ ጨምርባቸው። ማስጠንቀቂያው የትኛውን የጥሪ ደረጃ እንደሚጠቁም የሚወስነውን ስታክሌቨልን 2 ካላደረግህ ማስጠንቀቂያው የሚጠቁመው የላይብረሪውን መስመር እንጂ የተጠቃሚውን አይደለም። ደግሞም ፓይተን ዲፕሪኬሽን ዋርኒንግን (ሊወጣ ስላለ ፋንክሽን የሚሰጠውን ማስጠንቀቂያ) በነባሪ የሚያሳየው ዋናው ስክሪፕት ራሱ ሲጠራው ነው፤ በሌላ ሞጁል በኩል ከመጣ ይደብቀዋል። ለተራ ተጠቃሚ እንዲደርስ ከፈለግህ ፊውቸር ዋርኒንግ የሚባለውን ዓይነት ተጠቀም። መልእክቱ ውስጥ የምትኩ ስምና ፋንክሽኑ የሚወጣበት ቨርዥን ይኑር።

የቁጥር ስሌት ላይብረሪው ኑምፓይ የፕሮድ ፋንክሽን ድርብ የነበረውን ፕሮዳክት በቨርዥን 1.25 (2023) አስጠንቅቆ በ2.0 (2024) አወጣው። የሠንጠረዥ ዳታ ላይብረሪው ፓንዳስ ግን ኢዝናንና ኢዝነልን ሁለቱንም ይዞ ቀጥሏል፤ ሰነዱ ላይ አንዱ የሌላው ተለዋጭ ስም መሆኑ ተጽፏል። ብዙ ሰው የለመደው ስም ከሆነ እኔም ይህን እመርጣለሁ።

ሀሁ
ሁለቱ በሁሉም ጥንድ ላይ አንድ ናቸው። ሦስተኛው ግን ሃን ወደ ሀ ይለውጣል። እሱንስ?

ኮድ ለቃሚ
እሱን ዝም ብለህ አትቀላቅለው። በድሮው ውጤት የተገነባ የፍለጋ ኢንዴክስ ካለ፣ አዲሱ ፋንክሽን ምንም ስህተት ሳያወጣ ቃላቱን ማግኘት ያቆማል፤ ከተሰበረ ኮድ ይህ ይብሳል። ልዩነቱን በፓራሜትር (ለፋንክሽኑ በሚሰጥ አማራጭ) አውጣው፣ የዋናው ፋንክሽን ነባሪ ባህርይ እንዳለ ይቆይ፣ የድሮው ስም ደግሞ ፓራሜትሩን አብርቶ ይጥራው።

ዶክስትሪንጉ (ፋንክሽኑ ውስጥ የሚጻፈው ማብራሪያ) ላይ ምን እንደሚለወጥ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚጠፋም ጻፍ፦ «ሠረቀ» (ፀሐይ ወጣች ሲባል) እና «ሰረቀ» (የሰው ዕቃ ወሰደ) ከዚህ በኋላ አይለዩም። ምሳሌዎቹን በዶክቴስት (እንደ ቴስት በሚሮጥ የሰነድ ምሳሌ) መልክ አስገባና ሲአይ (ኮድ በተለወጠ ቁጥር ቴስቶችን በራሱ የሚያስኬድ ሥርዓት) ላይ አስኪዳቸው፤ አንድ ሰው ኮዱን ቀይሮ ሰነዱን ቢረሳው ቴስቱ ይወድቃል።