የተሸፈኑት የገበያ መተላለፊያዎች ለምን በአንድ ዘመን ብቻ አበቡ?

ጥያቄ፦ ከተማ ተመልካች

በብዙ ታላላቅ ከተሞች መሀል ከአንዱ ጎዳና ወደ ሌላው የሚያሻግሩ፣ ግራና ቀኛቸው በትንንሽ ሱቆች የተያዘ፣ ጣሪያቸው በብረትና በመስታወት የተሸፈነ አሮጌ የገበያ መተላለፊያዎች አሉ። የተከፈቱባቸውን ዓመታት (ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ተገረምሁ። የፓሪሱ የፓኖራማ መተላለፊያ በ1800 ገደማ፣ የለንደኑ በርሊንግተን በ1819፣ የብራስልሱ ሴንት ሁበርት በ1847፣ የሚላኑ ጋለሪያ በ1867፣ የአሜሪካዋ ክሊቭላንድ አርኬድ ደግሞ በ1890 ተከፈቱ። አንድ የሕንፃ ዓይነት በመቶ ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ተወልዶ፣ ተስፋፍቶ፣ አርጅቷል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሁሉን ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡ ግዙፍ መደብሮች መጥተው አጠፏቸው የሚል ነው። ይሁን እንጂ መደብሮቹ በሞሉባቸው ከተሞች እንኳ አንዳንዶቹ መተላለፊያዎች እስከ ዛሬ ስለሚሠሩ፣ ይህ ምክንያት ብቻውን አላረካኝም። የአነሳሳቸውንና የአወዳደቃቸውን ነገር በቅጡ የሚያስረዳኝ ብታገኙልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የታሪክ ወዳጅ

ጉዳዩን ከሱቁ ሳይሆን ከመንገዱ ቢጀምሩት መልሱ ይቀልልዎታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አብዛኞቹ የፓሪስ መንገዶች የእግረኛ መሄጃ አልነበራቸውም። የቆሻሻ ውሃ መውረጃው በመንገዱ መሀል የሚያልፍ በመሆኑ ሠረገላ በመጣ ቁጥር ጭቃው እግረኛውን ከእግር እስከ ራሱ ይለብጠው ነበር። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ቆሞ በመስኮት የተደረደረ ዕቃ ማየት የሚታሰብ አይደለም። መተላለፊያው ለእግረኛው ደረቅ ወለል፣ ከሠረገላ መጠለያና አቋራጭ መንገድ ሲሰጠው፣ ለነጋዴው ደግሞ የማይቸኩል ገበያተኛ አመጣለት።

ሁለተኛው ምክንያት መሬት ነው። የፈረንሳይ አብዮት የገዳማትንና የተሰደዱ መኳንንትን ርስት ወርሶ ለሽያጭ ስላቀረበ፣ በመሀል ከተማ ሰፋፊ ቦታ በአንድ ባለሀብት እጅ መግባት ቻለ። ከዋና ጎዳና ጀርባ የተደበቀ መሬት በራሱ ብዙ ኪራይ አያወጣም፤ መሀሉን ሰንጥቆ መንገድ ያወጣበት ሰው ግን ያንን ጀርባ ወደ ሁለት ረድፍ የሱቅ ፊት ይለውጠዋል። በ1798 የተከፈተው የካይሮ መተላለፊያ የተሠራው በቀድሞ የሴቶች ገዳም ይዞታ ላይ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በዚያው ዓመት ከተጀመረው የናፖሊዮን የግብፅ ዘመቻ ነው። መተላለፊያ ከሥር መሠረቱ የባለርስት ንግድ ነው፤ ሱቅ ከፋቹ ተከራይ ብቻ ነው። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የብርሃኑ ነገር ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። የመስታወቱ ጣሪያ ቀን ያለ መብራት እንዲሠራ ሲያስችል፣ ጋዝ ደግሞ ምሽቱን ጨመረበት። የፓኖራማ መተላለፊያ በ1817 አካባቢ በጋዝ መብራት ካገኙት የፓሪስ ስፍራዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

በርሊንግተንን ስላነሡ አንድ ነገር ልጨምር። ያሠራው ሎርድ ጆርጅ ካቨንዲሽ ሲሆን፣ ቦታው ከመኖሪያ ግቢው ጎን የነበረ ቀጭን መሬት ነው፤ አላፊ አግዳሚው የኦይስተር (የሚበላ የባሕር እንስሳ) ቅርፊት ወደ አትክልቱ ስለሚወረውርበት ነው የሚል ወሬም አብሮ ይነገራል። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ፣ የሥርዓቱ ጥብቅነት የሚካድ አይደለም። ከ10ኛው የሁሳር (ቀላል ፈረሰኛ) ክፍለ ጦር ከተመለመሉት የመጀመሪያ ጥበቃዎች ጀምሮ ማፏጨት፣ መሮጥና ጃንጥላ መዘርጋት ክልክል ነበር። ጎዳና ይምሰል እንጂ የግል ግቢ ነው፤ የሀብታሙን ደንበኛ ልብ ያሳረፈውም ይኸው ነው።

መልስ፦ ሰሜን በር

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ውድቀቱን በሚመለከት ግን መጨመር የሚገባ ነገር አለ። ነጋዴው አሪስቲድ ቡሲኮ በ1852 ቦን ማርሼ የተባለው የፓሪስ መደብር ባለድርሻ ሆኖ ዋጋውን የተቆረጠ፣ መግባቱን ነጻ ሲያደርግ፣ የፓሪስ አስተዳዳሪ ባሮን ኦስማን ደግሞ ከ1853 ጀምሮ ከተማዋን በሰፋፊ ጎዳናዎች መሰንጠቅ ጀመረ። በእኔ አመለካከት መተላለፊያዎቹን የበለጠ የጎዳው ሁለተኛው ነው። ጎዳናው ራሱ የእግረኛ መሄጃ፣ የዛፍ ጥላና መብራት ካገኘ በኋላ ከጭቃ ሸሽቶ ወደ ጠባብ መተላለፊያ የሚገባ ሰው ጠፋ። ሱቁም ቢሆን ግራና ቀኙ በጎረቤት ተከራይ የታጠረ ስለሆነ፣ ንግዱ ቢሰፋለት እንኳ የሚሰፋበት ቦታ የለውም። በፓሪስ ከመቶ በላይ ከነበሩት መተላለፊያዎች ዛሬ የቀሩት ሃያ ያህሉ ናቸው። የኦፔራ መተላለፊያም የኦስማን ጎዳና ሲቀጥል በ1920ዎቹ ፈረሰ።

ሚላን ግን ከዚህ ይለያል። ጁዜፔ ሜንጎኒ የነደፈው ጋለሪያ የካቴድራሉን አደባባይ ከስካላ ቲያትር አደባባይ ጋር የሚያገናኝ ስለሆነ፣ ዘመን ቢለወጥም የሚያልፍበት ሰው አልተቋረጠም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በጉልላቱ ዙሪያ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ የምትሽከረከር፣ ክር ጭና የጋዝ መብራቶቹን በየተራ የምትለኩስ ትንሽ ጋሪ ነበረች፤ ሕዝቡም በየምሽቱ አንገቱን አቅንቶ ያያት ነበር። ሜንጎኒ ራሱ የመግቢያው ቅስት ሊመረቅ ሲቃረብ፣ በታኅሣሥ 1877 መጨረሻ ከሕንፃው ላይ ወድቆ ሞተ።

ከተማ ተመልካች

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያውስ በኢስታንቡል ያለው የተሸፈነ ገበያ ከእነዚህ በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ሆኖ ሳለ አብሮ ያላረጀው ለምንድን ነው? የእነዚህ ቅድመ አያት ነው ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ የታሪክ ወዳጅ

ቅድመ አያት ከማለት የሩቅ ዘመድ ማለቱ ይሻላል። የኢስታንቡሉ ገበያ መሥራች ከተማዋን በ1453 የያዘው ዳግማዊ መህመድ ሲሆን፣ የመነሻ ገቢው ወደ መስጊድነት ለተለወጠችው ሐጊያ ሶፊያ በወቅፍ (ለሃይማኖት በተሰጠ ቋሚ ሀብት) የተመደበ ነበር። ግንቡ ወፍራም፣ ብርሃኑ ከላይ ከትንንሽ መስኮቶች የሚወርድ ሲሆን፣ ነጋዴዎቹ በየሙያቸው በየረድፉ ተሰልፈው ይሠሩበታል። የታሰበው ለሸቀጥ ጥበቃና ለጅምላ ንግድ ጭምር እንጂ ለሽርሽር ብቻ አይደለም። የፓሪሱ መተላለፊያ አንድ አቋራጭ መንገድ ሲሆን ይኸኛው ግን በውስጡ ብዙ መንገዶች ያሉት ሰፈር ነው፤ ስለዚህ አንድ ጎዳና አጠገቡ ቢከፈት የሚደርስበት ጉዳት አነስተኛ ነው።

ሁለቱን ያቀራረበ ሕንፃ ማየት ከፈለጉ ሞስኮን ይመልከቱ። በ1893 ሥራ የጀመረው የላይኛው የንግድ ረድፍ፣ በኋላ ጉም የተባለው፣ በአሮጌ የገበያ ረድፎች ቦታ ላይ ሦስት ትይዩ መተላለፊያዎችን ዘርግቶ በላያቸው የቭላዲሚር ሹኮቭን ቀጭን የብረትና የመስታወት ጣሪያ ደፍቶበታል።

መልስ፦ ሰሜን በር

እስከ ዛሬ ቆሙ የተባሉትን ሲመረምሩ የላይኛውን ፎቅ ልብ ይበሉ፤ ገበያተኛ ደረጃ መውጣት አይወድምና የብዙዎቹ ኪሳራ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በአሜሪካ ፕሮቪደንስ ከተማ በ1828 የተሠራው መተላለፊያ ለዓመታት ሲንገዳገድ ቆይቶ፣ ላይኛዎቹ ፎቆች ወደ ትንንሽ መኖሪያ ቤቶች ከተለወጡ በኋላ በ2013 እንደገና ተከፈተ። በክሊቭላንድም እንዲሁ በ2001 የላይኛው ክፍል ሆቴል ሆኗል። በሁለቱም ከታች ሱቆች ቀርተዋል።