ታማሚው እምቢ ሲሉ ልጆቻቸው መፈረም ይችላሉ ወይ?

መነሻ፦ እዚህ ደሴ የኦፕራሲዮን ስምምነት ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለአስታማሚ ነው። ስኳር ያለባቸው አዛውንት «እግሬ አይቆረጥም» ቢሉ፣ ልጆቻቸው ደግሞ «እኛ እንፈርማለን» ቢሉ የማን ቃል ይጽና?

የሌሊት ተረኛ፦ የልጆቹ። ጋንግሪን ገብቶ፣ ሥጋው ሞቶ፣ ምን ክርክር አለ? ሰውየው ቢሞቱ ዋርዱ በር ላይ የሚጮኸው በኔ ነው።

ሕግ አንባቢ፦ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ ሕክምናን እምቢ ማለት ይችላል ይላል። የአሳዳሪ ሥልጣን የሚነሣው ለአካለ መጠን ላልደረሰና ራሱን እንዳያስተዳድር በፍርድ ለተከለከለ ሰው ነው። እርጅና ክልከላ አይደለም።

የዋርድ ሲስተር፦ ሁለታችሁም የዘለላችሁት አለ። ሰውየው በዚያች ሰዓት መወሰን ይችላሉ? ቁስሉ ያመረቀዘ፣ ትኩሳት ያለበት፣ ስኳሩ የወረደ ሰው ጠዋት ደህና አውርቶ ማታ ልጁን በሟች ወንድሙ ስም ሊጠራ ይችላል። መጀመሪያ ስኳር፣ ሙቀት፣ ኦክስጅን ይታይ፤ የሚያደነዝዝ ማስታገሻ ወስደው እንደሆነም ይጣራ። ሲረጋጉ እንደገና ይጠየቁ። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ሁሉም «አዎ ልጄ» ይላል። «ሐኪሙ ያሉትን እስኪ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ፣ ባይቆረጥስ ምን ይመጣል?» በሏቸው። ከከሚሴ መጥተው ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቁ ከሆነ የሚያስተረጉመው፣ ቆርጡ የሚለው ልጅ አይሁን።

የሌሊት ተረኛ፦ ይሄን ሁሉ ዋርዱ ሞልቶ ብቻዬን?

የዋርድ ሲስተር፦ ወንድሜ፣ ኦፕራሲዮኑን ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው። ያንተ ድርሻ ያየኸውን መንገርና የተናገሩትን እንዳለ ካርዱ ላይ መጻፍ ነው።

የኮምቦልቻው፦ አባቴ «አላህ በሰጠኝ እግር እቀበራለሁ» ነው የሚሉት። ይሄ የጤነኛ ሰው ውሳኔ ነው?

የዋርድ ሲስተር፦ ለሞት ሊያደርሳቸው እንደሚችል አውቀው ካሉት አዎ። ከኛ ሲስማሙ ጤነኛ፣ ሲቃወሙ የዘባረቁ ካልናቸው ምኑን መረመርናቸው? እንዲያውም ተስማምቶ የፈረመውን አእምሮው ደህና ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሕግ አንባቢ፦ ራሱን ስቶ የመጣ ሰውስ?

የዋርድ ሲስተር፦ እሱ ሌላ ነው፤ ነፍስ የሚያድነው ይሠራል።

የኮምቦልቻው፦ እኛ ልጆቹ ታዲያ ዝም ብለን እንይ?

የዋርድ ሲስተር፦ ኧረ ለምን! እሳቸው ከፈቀዱ ሐኪሙ ሲያስረዳ አብራችሁ ስሙ፤ የሚያከብሩትን ሼኽ ወይ ሽማግሌ አምጡና አግባቡ፤ ማስፈራራት ግን አይሆንም። ነገ ሐሳባቸውን ከቀየሩ ወረቀቱ ለራሳቸው ይቀርባል።