ሊኑክስ ስጭን በኬብል የገባው ኔትወርክ አልሠራ ስላለኝ እርዳታችሁን እጠይቃለሁ
ጤና ይስጥልኝ። ዴቢያን 12 የተባለውን ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ በላፕቶፔ ለመጫን ስሞክር፣ ጫኚው ኔትወርክ የሚያዋቅርበት ደረጃ ላይ ሲደርስ በዲኤችሲፒ (ራውተሩ ለኮምፒውተሩ አድራሻ በራሱ በሚሰጥበት ዘዴ) አድራሻ ማግኘት እንዳልቻለ ገልጾ ይቆማል። ኬብሉ በሚሰካበት ቦታ አረንጓዴዋ መብራት ሳትቋረጥ ትበራለች፤ ብርቱካናማዋ ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ብልጭ ብላ ትጠፋለች። ይኸው ኬብል በዚሁ ላፕቶፕ ላይ በዊንዶውስ ያለ ችግር ይሠራ ስለነበር ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የራውተሩ አይመስለኝም። አልት እና ኤፍ 2ን ተጭኜ በከፈትሁት የትእዛዝ መስኮት የኔትወርክ ካርዱ ይታያል፤ አድራሻውን 192.168.1.50፣ ጌትዌዩን (ማለትም የራውተሩን አድራሻ) 192.168.1.1 ብዬ በእጄ ባስገባም ራውተሩ ለፒንግ (ለግንኙነት መሞከሪያ መልእክት) አይመልስም። የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራበት ብቸኛ ኮምፒውተር በመሆኑ በእጅጉ ተጨንቄአለሁ። ትክክለኛው ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) መጫኑን በምን ላረጋግጥ? ወይስ ዊንዶውስ በፈጣን ማስነሻው ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ካርዱን አስተኝቶት ይሆን?