ጥቆማ፦ ኪሎው ለከበደው ልጅ የትኛው ስፖርት ይሻላል?

ጥያቄ

ሰላም ወላጆች። ወንድ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ሐኪም ጋ ስንሄድ ክብደቱ ለዕድሜውና ለቁመቱ በጣም ከፍ ያለ እንደሆነ ነገሩንና እንቅስቃሴ ይጀምር ተባለ። እግር ኳስ አስመዘገብኩት። ሁለት ሳምንት ሄደና «አልሄድም» ብሎ ቁጭ አለ። ለምን ስለው ዝም። ዋና ላስገባው? ጁዶ? ወይስ ትሬድሚል ገዝቼ እቤት ይሩጥ? የሞከራችሁ እስኪ ጠቁሙኝ።

መልስ

እህቴ፣ በረኛ አድርገውት ነበር እንዴ?

የኔን አድርገውት ነበር። በ9 ዓመቱ በጀመረበት ቡድን ሦስት ወር ሙሉ ጎል ላይ ቆሞ ከረመ። አሰልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሰፊ ስለሆነ ጎሉን ይሞላል» ነበር ያለኝ፣ እየሳቀ። እኔም ማልያ ለብሶ ሳየው ደስ ብሎኝ ዳር ቆሜ አጨበጭብ ነበር። አንድ ቀን ግን ሰዓት ይዤ ቆጠርኩ። ከ60 ደቂቃ ልምምድ ውስጥ ልጄ የተንቀሳቀሰው 11 ደቂቃ ነበር። ስከፍል የከረምኩት ለመቆም ነው ማለት ነው።

የኔ ልጅ ዕጣ ብቻ እንዳይመስልሽ። አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ አካባቢ 200 ገደማ ልጆች እንቅስቃሴ መለኪያ ታጥቀው ልምምድ ላይ ተጠንተው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታትሟል። በልምምዱ ላይ 60 ደቂቃ ደህና እንቅስቃሴ የሞላላቸው ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። 60 ደቂቃ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ የሚመክረው ነው።

ስለዚህ ከስፖርቱ ስም በፊት ቦታውን እዪ። ሳትከፍዪ አንድ ልምምድ ዳር ሆነሽ ተመልከቺ። ስንት ኳስ አለ? ልጆቹ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ ወይስ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው? ቡድን ሲከፈል አሰልጣኙ ነው የሚመድበው ወይስ ሁለት አለቆች ይመርጣሉ? አለቆች ከመረጡ የኛ ልጆች መጨረሻ ነው የሚቀሩት። ያጠፋ ልጅ በሩጫ ይቀጣል? ሩጫ ቅጣት የሆነበት ቦታ ላይ ልጅሽ ሩጫን እንዲወድ አትጠብቂ። «በሸሚዝ እና ያለ ሸሚዝ» እየተባለ የሚከፈልበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

አሁን ወደ ምርጫው።

እግር ኳስን ቶሎ አትጣይው። ችግሩ ኳሱ ሳይሆን 11 ለ 11 መጫወታቸው ነው። በትንሽ ሜዳ 4 ለ 4 ሲሆን ኳስ በየደቂቃው እግርሽ ሥር ይመጣል፣ መደበቂያ የለም፣ በረኛም ላይኖር ይችላል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 21 ልጆችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ከትምህርት በኋላ እግር ኳስ አጫወቱ፤ ሌላውን ስለ ጤና አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ውጤት እንደሚለው፣ በስድስት ወር ውስጥ ከቁመትና ከዕድሜ ጋር የሚሰላው ክብደት የተሻሻለው በተጫወቱት ላይ ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ልክ ነው። እኔ የወደድኩት ግን ሌላ ነገሩን ነው። ቡድኑ የተሠራው ለነሱው ነው። መጨረሻ የሚመረጥ «ወፍራሙ ልጅ» የሚባል የለም። በአቅራቢያሽ እንዲህ ያለ ለጀማሪ የሚሆን ቡድን ካለ ከዋንጫ ሰብሳቢው ክለብ አስበልጪው።

ቅርጫት ኳስ 3 ለ 3 ከሆነ ጥሩ ነው። ትንሽ ሮጦ ትንሽ ማረፍ ስላለው ለሚያለከልክ ልጅ ይመቻል። ለልጆች የሚሆነው ቅርጫት ከፍታው 2.60 ሜትር ነው፤ የአዋቂው 3.05 ነው። ሕፃናቱን በአዋቂው ቅርጫት የሚያለማምድ ቦታ ካየሽ ስለ ልጆች ብዙም እንዳላሰበበት ይገባሻል። ዝላይ ሲበዛ ጉልበት ላይ ይከብዳልና መጀመሪያ ላይ ልከኛ ይሁን።

ዋና ለኛ መዳኛችን ነበር። ውኃ ይሸከማል። እስከ ወገብ ድረስ የገባ ልጅ የክብደቱን ግማሽ ያህል ብቻ ነው በእግሩ የሚሸከመው፤ እስከ ደረት ከገባ ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያርፋሉ። አስም ላለበት ልጅም እርጥቡ አየር ብዙ ጊዜ ይስማማዋል። ግን «ዋና» ተብሎ ዳር ይዞ የሚንቦጫረቅበት ሰዓትም አለ። አሰልጣኙ ስንት ልጅ እንደሚይዝ ጠይቂ።

ጁዶ ደግሞ ያልጠበቅኩት ነበር። ክብደት እዚያ ነውር ሳይሆን አቅም ነው። በክብደት ምድብ ስለሚጋጠሙ ልጄ ከሚመስለው ልጅ ጋር ተጋጠመ፣ ጣለውም። የዚያን ቀን ማታ እራት ላይ ያወራውን ወሬ ዓመት አላወራውም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ዝቅ ወዳለ ምድብ ለመግባት «ኪሎ አውርድ» የሚል አሰልጣኝ ካጋጠመሽ በዚያው ቀን ልጅሽን አውጪ።

የጉልበት ልምምድ፣ በአሰልጣኝ ሥር ከሆነ፣ ለልጅ አይከለከልም። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይግባ ይላል። ከባድ ልጆች ብዙ ጊዜ ጉልበተኞች ናቸው። ፑሽ አፕ ስታሠሪው የራሱን ክብደት መሸከም ስላለበት ያፍራል፤ ከባድ ኳስ ወርውር ስትዪው ግን ሁሉንም ይበልጣል። ከዚያ ጀምሪ።

ትሬድሚል? የኛ ልብስ መስቀያ ሆኗል። ያንን ብር ሳይክል ግዢበት። ሳይክል ላይ ክብደቱን ኮርቻው ስለሚሸከም መገጣጠሚያው ያርፋል። ሄልሜቱን አትርሺ፣ የሳይክሉንም የመሸከም አቅም ጠይቂ።

ሌላ ወላጅ

የኔ ሴት ናት፣ 12። ዋና ትወዳለች ግን የዋና ልብስ ለብሳ ሰው ፊት መውጣት አትፈልግም። ምን ላድርግ?

መልስ

አትገፊያት። እስከ ጉልበት የሚደርስ የዋና ቁምጣና ረጅም እጅጌ ያለው የዋና ቲሸርት አለ። ገንዳው ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ እዚያ ደርሳ በር ላይ «አይቻልም» ከተባለች ሁለተኛ አትመለስም። ሰው የሚያንስበትን ሰዓት ወይም የሴቶች ብቻ ሰዓት ፈልጊ። ለየብስ ስፖርት ደግሞ ደህና አድርጎ የሚይዝ የስፖርት ጡት ማስያዣ ከጫማ እኩል አስፈላጊ ነው። ብዙ ሴት ልጆች ሩጫ የሚተዉት ደክሟቸው ሳይሆን ደረታቸው እየተንቀሳቀሰ ስለሚያፍሩ ነው። እናቶች ይሄን ሳንነግራቸው እንቆያለን።

ስለ ዕቃ ከተነሳ፦ ጫማ ከሰዓት በኋላ ግዙ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ያብጣል። ፊቱ ሰፊ፣ ተረከዙ ጠንካራ፣ ከአውራ ጣት ፊት የጣት ስፋት ያህል ቦታ ያለው ይሁን። ታላቅ ወንድሙ የተወውን ጫማ ለስፖርት አታድርጉለት፤ በሌላ እግር ቅርጽ ያለቀ ነው። ጭን ለጭን ሲፋተግ ይቆስላል፣ ልጆች ደግሞ አይናገሩም፣ «ሰለቸኝ» ነው የሚሉት። ከቁምጣው ሥር ታይት፣ ትንሽ ቫዝሊን፣ አለቀ። የኔ ልጅ ግማሹ ስንፍና ይሄ ነበር።

እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ልጁ ከወደደው አይከፋም። ካሎሪ የሚለውን ቁጥር ግን አትመኑት። ላብ የሚያወጣ የላስቲክ ልብስና የሆድ መቀነሻ ቀበቶ የሚሸጥላችሁን ሰው እለፉት። የሚወጣው ውኃ ነው፣ ልጅን ደግሞ በሙቀት ሊጥለው ይችላል። ለአንድ ሰዓት ልምምድ ውኃ ይበቃል፤ ባለ ቀለሙ የስፖርት መጠጥ ስኳር ነው።

«በሁለት ሳምንት 5 ኪሎ» የሚል ካምፕም አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ቤተሰብን ያካተተ ፕሮግራም የሚመከረው ከ3 እስከ 12 ወር ውስጥ 26 ሰዓትና ከዚያ በላይ ፊት ለፊት ሲሰጥ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት «ስንት ኪሎ ይቀንሳል?» ሳይሆን «ስንት ወር አብራችሁን ትሆናላችሁ? ወላጅስ ይገባል?» ነው። ስፖርት ብቻውን ሚዛኑን ብዙ አያወርደውም፣ ይሄን ካሁኑ እወቂው። ትንፋሹ፣ የደም ግፊቱ፣ ጉበቱ ግን ሚዛኑ ሳይነቃነቅ ሊሻሻሉ ይችላሉ። ልጅ እያደገ ስለሆነ ኪሎው ባለበት ቆሞ ቁመቱ ሲጨምርም ለብዙ ልጅ ለውጥ ነው። እባክሽ በየቀኑ አትመዝኚው።

አንዱን ግን በቀልድ አልለውም። ልጁ ማነከስ ከጀመረ፣ ወይ ዳሌውን፣ ጭኑን ወይ ጉልበቱን ካመመው «ስፖርት ስለጀመረ ነው» አትበዪ። በዕድገት ዘመን፣ በተለይ ክብደት ያላቸው ልጆች ላይ፣ የጭን አጥንት ራስ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ሕመሙ ጉልበት ላይ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ልምምድ አቁሞ፣ እግሩን ሳይረግጥበት፣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፤ ዳሌውም ይታይ።

ጠያቂዋ

እህቴ እግዜር ይስጥልኝ። በረኛ ነበር። ስጠይቀው አለቀሰ።

ቅዳሜ ሁለት ቦታ ሄደን አየን። አንደኛው 22 ልጅ፣ ሁለት ኳስ፣ ረጅም ሰልፍ። አሥር ደቂቃ አይተን ወጣን። ሁለተኛው ሜዳው ጠባብ ነው፣ መረቡም የተቀዳደደ። ግን በረኛ በየተራ ነው የሚቆመው፣ አሰልጣኟም የልጆቹን ስም በሙሉ ታውቃለች። ልጄን «አንተ ትገባለህ?» አለችው። እኔን አየኝ። ጫማ አልያዝኩም አለ። ሰኞ ይዞ እንዲመጣ ተስማምተናል። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጫማ ልንገዛ ነው።