«ጥገኛ» ወይስ «ወንፈለኛ»? ትራፍል ስለሚያፈራበት አፈር የቃላት ውይይት

ተንታ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ትራፍል፣ ማለትም መሬት ውስጥ ስለሚያፈራው የሚበላ እንጉዳይ፣ እንዲሁም ትራፍል በሚያፈራበት አፈር ውስጥ ስላሉት ፈንገሶች የሚተረጎም ጽሑፍ አለ። «ማይኮራይዛ»ን «የሥር ጥገኛ ፈንገስ» ማለት ያስኬዳል? «ሚሲሊየም»ስ? ፈረንሳዮች «ብሩሌ» የሚሉትንስ «ቃጠሎ» እንበለው?

ሐይቅ ዳር፦ «ጥገኛ» አይሆንም፤ እዚህ ላይ አጥብቄ እከራከራለሁ። ጥገኛ ወስዶ የማይመልስ ነው። የስንዴ ዋግና የማሽላ አረማሞ ጥገኛ ናቸው። የትራፍል ፈንገስ ግን ከዛፉ ስኳር ይቀበላል፤ ለዛፉ ደግሞ ውሃ፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ያቀብላል። ለዚህ ወንፈል የሚባል ቃል አለን። ደቦ አላልኩም፤ ደቦ የጠራው ሰው አብልቶ አጠጥቶ ይሸኛል፣ ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ነው። ይህም ግንኙነት የሚጸናው ሁለቱም ሲከፍሉ ነው። አፈሩ ላይ ፎስፈረስ ያለው ማዳበሪያ ከበዛ ዛፉ የፈንገሱን እርዳታ አይፈልግም፤ ሥሩ ላይ ያለው ፈንገስም ይሳሳል። «ጥገኛ» የሚለውን ያነበበ ገበሬ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት ቢረጭ ጥፋቱ የተርጓሚው ነው።

«ማይኮራይዛ» ራሱ እንዳለ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ በተጠቀሰበት ቦታ «የሥርና የፈንገስ ወንፈል» ተብሎ ይፈታ። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1885 ያወጣው ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ ነው፤ ወደ ጥናቱ ያስገባውም የፕሩሲያ መንግሥት ትራፍል ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ማዘዙ ነበር።

ቦሩ ሜዳ፦ አያ ሐይቅ ዳር ያሉት ላይ ልጨምር። «እንጉዳይ» የምንለው ፍሬውን ብቻ ነው፤ አካሉ መሬት ውስጥ ነው። አንዱን ቀጭን አካል «ክር»፣ ሲጠላለፍ «ድር» ብንለው «ሚሲሊየም» ተተረጎመ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚል ሰው ቃሉን ለመረዳት አይቸገርም። «ሻጋታ» ግን ይቅር፤ ሻጋታ ሁሉ ፈንገስ ነው እንጂ ፈንገስ ሁሉ ሻጋታ አይደለም።

ድሩ የቀጭን ሥሮችን ጫፍ ከውጭ ይሸፍናል፣ በሕዋሶቹ መካከልም ሾልኮ ይገባል፤ የሕዋሱን ግድግዳ ግን አይበሳም። ስለዚህ «ሥሩ ውስጥ ይኖራል» ብቻ ማለት ጎደሎ ነው። ችግኝ ሲመረመርም የሚታየው ይኸው ሽፋን ነው። ከትራፍል ዓይነቶች አንዱ የሆነው የጥቁሩ ትራፍል ሽፋን በማጉያ መነጽር ሲያዩት ቡናማ ሆኖ ያበጠ ጫፍ ይመስላል። በችግኝ ጣቢያ ስፌሮስፖሬላ ወይም ስክሌሮደርማ የተባሉ ሌሎች ፈንገሶች ቀድመው ጫፎቹን ከያዙ ግን ችግኙ ለምልሞ እያለ ትራፍል አይሰጥም።

ተንታ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛፉስ? ከወይራና ከጥድ ሥር ይገኛል ብዬ ልጻፍ?

ሐይቅ ዳር፦ አትጻፍ ወንድምዓለም። የጥቁሩ ትራፍል ወንፈለኞች የሜዲትራኒያን ባሉጥና የሀዘል ዛፍ ናቸው። የእኛ ጥድ፣ ወይራ፣ ዋንዛና ግራር የሚወዳጁት ሌላ ዓይነት ማይኮራይዛ ነው፤ እሱ ሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል እንጂ ትራፍል አያፈራም። የደጋው አስታም የራሱ ዓይነት አለው። ባህር ዛፍ ሥሩን ከውጭ የሚሸፍኑ ፈንገሶችን ይቀበላል፤ ነገር ግን ጥቁሩ ትራፍል ከነሱ ውስጥ አይደለም። አፈሩም ይለያል። ጥቁሩ ትራፍል ፒኤች (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያ) ከ7.5 እስከ 8.5 የሆነ፣ ኖራ የበዛበትና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። አብዛኛው የወሎ ደጋ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ አፈር ነው፤ ዋልካው ደግሞ ውሃ ይቋጥራል። ኖራ መኖሩ አፈሩ ላይ ጥቂት ጠብታ ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ በማፍሰስ ይታወቃል፤ ካለ ይንፈቀፈቃል።

ቦሩ ሜዳ፦ «ብሩሌ»ን በተመለከተ፣ «ቃጠሎ» ያሳስታል። አንባቢው እሳት የነካው ወይም ለእርሻ የተቃጠለ መሬት ይመስለዋል። ነገሩ ፈንገሱ በዛፉ ዙሪያ ሣሩን አቀጭጮ የሚያራቁተው ክብ ቦታ ነው። «ገላጣ» ይሻላል።

ተንታ፦ «የፈንገስ ማኅበረሰብ»ስ?

ሐይቅ ዳር፦ «ማኅበረሰብ» የተስማማ ቡድን ያስመስላል። በገላጣው አፈር ውስጥ ወንፈለኛ አለ፣ ቅጠል የሚያበሰብስ አለ፣ ጥገኛም አለ፤ ወንፈለኞቹም በሥር ጫፍ ይሻማሉ። ማን፣ ምን ያህል እንዳለ ለመናገር «ስብጥር» የሚለው ቃል ይበልጥ ትክክል ነው።

ጽሑፉ ስብጥሩን ለማወቅ የአፈር ናሙና እንዴት እንደሚወሰድና እንደሚመረመር የሚያስረዳ ከሆነ ይህንም በደንብ ጻፈው። ረገፍ ቅጠሉ ተጠርጎ ከላይኛው ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ያለው አፈር ከገላጣው ውስጥም ከውጭም ይወሰዳል። ከአንድ ቦታ ብቻ ከተወሰደ ውጤቱ የዚያችን ጭብጥ አፈር ብቻ ይናገራል፤ ስለዚህ ከየዛፉ ዙሪያ ከበርካታ ነጥቦች ተወስዶ ይቀላቀላል። መቆፈሪያው በየናሙናው መሃል በአልኮል ይጠረጋል። አፈሩ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ተነፍቶ ወዲያው ይቀዘቅዛል። በላስቲክ ታስሮ ሙቀት ላይ ከዋለ ፈጥነው የሚያድጉ ሻጋታዎች ይበዙና ስብጥሩን ያዛባሉ። ከዚያ የፈንገሱ ዓይነት የሚለይበት «አይ ቲ ኤስ» የተባለው የዲ ኤን ኤ ክፍል ይነበባል። ይህ ንባብ የሞተውን ክርም ይቆጥራል፤ ስለዚህ ሥሩን ማን እንደያዘ ለማወቅ የሥር ጫፎች ለብቻ ይመረመራሉ።

ቦሩ ሜዳ፦ አንድ የግሥ ነገር ቀረ። «ትራፍል ፈላ» አይባል። «እንደ አሸን ፈላ» እንደምንለው፣ መፍላት በድንገት ብቅ ማለት ነው፤ በክረምት ዝናብ ማግሥት ለሚወጣው እንጉዳይ ይስማማል። ጥቁሩ ትራፍል ግን በፈረንሳይና በስፔን በጸደይ መጨረሻ አካባቢ ተጸንሶ ወራት ፈጅቶ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይበስላል። ችግኙ ከተተከለ በኋላም የመጀመሪያው ፍሬ ብዙ ጊዜ ከ5 ዓመት በላይ ይቆያል። «አፈራ» በለው።

ተንታ፦ «አፈራ» ብዬ አርሜዋለሁ፤ «ጥገኛ»ም ከሁሉም ቦታ ወጥቷል።